ሃርድ ዲስክ ሙሉ የተዘበራረቀ ዘፈን፦ ከየት ልጀምር?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? አባቴ ለብዙ ዓመት ያጠራቀመው ዘፈን አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አለ። ፋይሉ ከ10 ሺህ ይበልጣል። ከካሴት የተቀዳው፣ ከሲዲ የተገለበጠው፣ ሙዚቃ ቤት በፍላሽ ያስጫነው፣ ከቴሌግራም የወረደው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቋል። አማርኛ አለ፣ ኦሮምኛ አለ፣ ሐረሪ፣ ሶማልኛ፣ ዐረብኛ፣ የህንድም አይጠፋም። የድሬ ቤት ነዋ።

ችግሩ ይሄ ነው። ግማሹ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እያለ ነው የሚሄደው። አንዳንዱ የዘፋኙ ስም ቦታ ላይ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ብቻ ያሳያል። አንዳንዱ ደግሞ የዘፈኑ ርዕስ ጠፍቶ የሆነ ቻናል ስም ተለጥፎበታል። አሊ ቢራ ብቻውን በየአጻጻፉ ስንት ፎልደር ውስጥ እንደተበተነ አትጠይቁኝ።

አባቴ ከሰዓት በኋላ አረፍ ብሎ መስማት ይወዳል። አሁን የሚፈልገውን ማግኘት ስላቃተው ሬዲዮ መክፈት ጀምሯል። ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው፣ ኢንተርኔቴ የሞባይል ዳታ ነው። ምን ፕሮግራም ልጫን? የቱን ላስቀድም?

ሳቢያን ጥገና (ድሬዳዋ)

አቦ፣ መጀመሪያ እጅህን ከዲስኩ ላይ አንሳ። ምንም ከመንካትህ በፊት ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ። የአባትህን ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበት፣ ሥራው ሁሉ ቅጂው ላይ ይሁን። ታግ (ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው የዘፋኝ፣ የርዕስና የዓመት መረጃ) የሚያስተካክል ፕሮግራም የሚጽፈው እዚያው ፋይሉ ላይ ነው። እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ወይም ገመዱ ከተነቀለ የያዘው ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ ተጠቀም። በዚህ ሙቀት ደግሞ ኤክስተርናሉን ፍራሽ ላይ አስቀምጠህ ሰዓት ሙሉ አታሠራው። ጠረጴዛ ላይ፣ ንፋስ የሚያገኝበት ቦታ አድርገው።

አዲስ ፍላሽ ወይም ዲስክ ስትገዛም ጠንቀቅ በል። ላያቸው ላይ ትልቅ ጊጋ ተጽፎባቸው በርካሽ የሚሸጡ አሉ። ውስጣቸው የተጻፈውን ያህል አይይዝም። ሲሞላም «ሞልቷል» አይልህም፣ ፋይሉ የተገለበጠ ይመስልሃል፣ ስትከፍተው ባዶ ነው። ኤችቱቴስት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፍላሹን እስከ ጫፉ ይሞላውና መልሶ ያነበዋል፣ እውነተኛ መጠኑን ይነግርሃል። የአባትህን ዘፈን ከማስገባትህ በፊት በዚህ ፈትሸው።

ፈጣኑ (ድሬዳዋ)

ፒካርድን ጫንና ተገላገል። የሚውዚክብሬንዝ ፕሮግራም ነው፣ ነፃ ነው። የዘፈኑን የድምፅ አሻራ ወስዶ ኢንተርኔት ላይ ካለ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ስሙን፣ አልበሙን፣ ዓመቱን ራሱ ይሞላልሃል። ዘፈኑን ሳይሆን አሻራውን ብቻ ስለሚልክ ዳታም አይበላም። የእኔን የፈረንጅ ዘፈን በሙሉ መልክ ያስያዘልኝ እሱ ነው።

ካሴት ቤት (ሐረር)

ልጄ፣ የከዚራው፣ አባትህን ሰላም በልልኝ። ሳቢያን ያለህን ሳትጨርስ ወደ ሌላው አትለፍ።

ስለ ፒካርድ አንድ ነገር ልጨምር። የፈጣኑ ምክር ለፈረንጅ ዘፈን ልክ ነው። መዝገቡን የሚሞሉት በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ሰው ያስገባውን ብቻ ነው የሚያውቀው። የመሐሙድ አሕመድን ወይም የሙላቱ አስታጥቄን በውጭ አገር ሲዲ የወጣ ሥራ አንሥቶ ይሰጥሃል። ጀጎል ውስጥ ሠርግ ላይ በቴፕ የተቀዳ የሐረሪ ዘፈን ግን ከየት አምጥቶ ያውቃል? የማያውቀውን ዝም ቢል ጥሩ ነበር። አንዳንዴ የሚመስለውን ይዞ ይመጣል፣ አንተም በጥድፊያ «ሴቭ» ካልክ በሰው ዘፈን ላይ የሌላ ሰው ስም ይጻፋል። ባዶ ስም ያለው ፋይል ቢያንስ እንደማይታወቅ ይናገራል። የተሳሳተ ስም ያለውን ግን ማንም ተመልሶ አይፈትሸውም። እኔ የምለው፣ ፒካርድ ያገኘውን ሁሉ አንድ በአንድ አዳምጠህ ተቀበል። በጅምላ አትቀበል።

ሁለተኛው ጣጣ ዓመት ነው። ካሴት ስሸጥ ከኖርኩበት ጊዜ ጀምሮ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «1969» የሚል ፋይል አገኘህ እንበል። በማን አቆጣጠር? በፈረንጅ ከሆነ ጃንሆይ ዙፋን ላይ ናቸው፣ አምሃ እሸቴም አምሃ ሪከርድስን የጀመረበት ዓመት ነው፣ ዘፈኑ የወጣው በሸክላ ነው። በእኛ ከሆነ ደርግ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ሸክላው ለካሴት ቦታ እየለቀቀ ነው። ሁለቱ ጭራሽ የተለያየ ዘመን ናቸው። እንዲህ ሲሆን ጆሮህን ተጠቀም። ዘፈኑ ሳይጀምር ያለችውን ትንሽ ዝምታ በጆሮ ማዳመጫ ስማት። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል እየተመላለሰ ከመጣ ከሸክላ የተቀዳ ነው፣ መርፌው ጭረቱን በየዙሩ ያገኘዋል። ወጥ የሆነ ሽሽሽ ከሆነ ካሴት ነው። ሁልጊዜ አይሠራም፣ ሸክላ ወደ ካሴት የተገለበጠም ስላለ ሁለቱንም ልትሰማ ትችላለህ። ግን ብዙ ነገር ይነግርሃል።

ኢትዮፒክስ በሚባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ሲዲ የወጡ የድሮ ዘፈኖች ደግሞ ሌላ መዘዝ አላቸው። ሲዲዎቹ መውጣት የጀመሩት በፈረንጅ 1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ዘፈኖቹ ግን አብዛኞቹ የጃንሆይ መጨረሻና የደርግ መጀመሪያ ናቸው። ፕሮግራሙ የሲዲውን ዓመት ይጽፍና ያኔ የወጣውን ዘፈን የልጆችህ ዘመን ያስመስለዋል።

እኔ ብሆን የዓመቱ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የፈረንጁን እጽፋለሁ፣ ማጫወቻዎቹ የሚደረድሩት በእሱ ነውና። የእኛን አቆጣጠር ኮሜንት የሚለው ቦታ ላይ «በእኛ 1969» ብዬ አስገባለሁ። ወሩ ካልታወቀ ልዩነቱ ሰባት ይሁን ስምንት ዓመት አይታወቅም፣ ስለዚህ ከሽፋኑ ላይ ያነበብከውን ኮሜንቱ ላይ እንዳለ አስቀምጥ።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሰላምታዎን አድርሻለሁ፣ አባቴ ደስ ብሎታል። ግልበጣው አሁን እየሄደ ነው። እስኪያልቅ ድረስ የሳጥኑንና የጥያቄ ምልክቱን ነገር የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ። ፊደሉ ተመልሶ ይመጣል?

መዝገብ ያዥ (ሐረር)

ወንድሜ፣ ሳጥኑና የጥያቄ ምልክቱ አንድ አይደሉም፣ ለይተህ እያቸው።

ሳጥን ካየህ ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ አለ ማለት ነው። የምታይበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ የግዕዝ ፎንት የለውም፣ ሌላ ስልክ ላይ ክፈተው ይነበባል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ሲጻፍ ጠፍቷል፣ እንደገና ከመጻፍ በቀር መፍትሔ የለውም። ሦስተኛም አለ፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት። እሱ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ኮድ የተነበበ ነው፣ ወይም ግዕዝ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) ውስጥ ሳይገባ በነበሩት የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይሄኛው አንዳንዴ ይመለሳል፣ ቶሎ አታጥፋው።

የጥያቄ ምልክቱ ከየት መጣ ብትል፣ የመጀመሪያው የኤምፒስሪ ታግ ለርዕስ 30 ባይት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ግዕዝንም አያውቅም። ረጅም ርዕስ መሃሉ ላይ የሚቆረጠውም በዚሁ ነው። ኤምፒስሪታግ የሚባለውን ፕሮግራም ጫን፣ ለዊንዶውስ ነፃ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ የድሮውን ታግ እንዲያጠፋ፣ አዲሱን ደግሞ በዩቲኤፍ-16 (በዩኒኮድ አጻጻፍ) እንዲጽፍ እዘዘው። ከዚያ በኋላ በአማርኛ የጻፍከው አይጠፋብህም። የቻናል ስም የተለጠፈባቸውንም ሁሉንም መርጠህ በአንድ ትእዛዝ መንቀል ትችላለህ፣ ጽሑፍ ፈልጎ በሌላ የሚተካ መሣሪያ አለው።

አሁን ወደ ስም ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። እኔ ሥራዬ መዝገብ ነው፣ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። የፈረንጅ ፕሮግራም የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስድና «አሕመድ፣ መሐሙድ» ብሎ ይደረድራል። አሕመድ አባታቸው ናቸው፣ ዘፋኙ መሐሙድ ነው። በአባት ስም ደርድረህ ማንን ታገኛለህ? አሊ ቢራ ላይማ ይብሳል። የተወለደበት ስም አሊ መሐመድ ሙሳ ነው። ቢራ አፍረን ቀሎ ከሚባለው ባንድ ጋር በልጅነቱ ከዘፈነው ዘፈን የተገኘ መጠሪያ ነው። «ቢራ፣ አሊ» የሚል ፎልደር ድሬ ውስጥ ማን ይከፍታል? ፒካርድ የመደርደሪያውን ስም ለብቻው ነው የሚጽፈው። እዚያ ቦታ ላይም ስሙን በእኛ ቅደም ተከተል ጻፍ።

ከዚያ የፊደሎቻችን ነገር አለ። ኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀን ሦስት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። «ሀይሉ» ብለህ የጻፍከው መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፣ «ኃይሉ» ያልከው ከቸ በኋላ ይሄዳል። አለማየሁና ዓለማየሁም እንደዚሁ ይለያያሉ። የኦሮምኛውም በቁቤ አንዱ ሰው አናባቢውን ደግሞ ይጽፋል፣ አንዱ አይደግምም። የእኔ ደንብ ቀላል ነው። ዘፋኙ በራሱ ካሴት ሽፋን ላይ ስሙን እንዴት እንደጻፈ እይና እሱን ብቻ ተጠቀም። አንድ ደብተር ላይ የዘፋኞቹን ስም አንድ ጊዜ ጻፍ፣ ከዚያ ከደብተሩ ብቻ ገልብጥ። ሌላውን አጻጻፍ ኮሜንት ውስጥ ብታስገባው፣ ኤምፒስሪታግ ላይ በየትኛውም አጻጻፍ ብትፈልግ ይመጣልሃል።

የመጋላ ባጃጅ (ድሬዳዋ)

በአማርኛ ጻፉ ትላላችሁ፣ እኔ ግን ባጃጄ ላይ ያለው ማጫወቻ ግዕዝ አያነብም። ሰረዝ ሰረዝ ነው የሚያሳየኝ። ዘፈኖቹንም ያለ ቅደም ተከተል ነው የሚያጫውተው። አልበሙን ከመሃል ይጀምረዋል። ተሳፋሪ «እንትናን አድርግልኝ» ሲለኝ እየነዳሁ የት ልፈልግ?

ሳቢያን ጥገና (ድሬዳዋ)

ትክክል ነህ፣ ብዙዎቹ የመኪና ማጫወቻዎች ግዕዝ አያሳዩም። መፍትሔው ሁለት ቦታ መያዝ ነው። ዋናው ክምችት ቤት ይቀመጣል፣ ታጉ በአማርኛ ነው። ለባጃጅ የሚሆነውን ግን ሌላ ፍላሽ ላይ ትገለብጥና የፋይሉንም የታጉንም ስም በላቲን ታደርገዋለህ። ፊት ለፊቱ ላይ 01፣ 02 የሚል ቁጥር ይኑረው። ቅደም ተከተሉን የሚያዛባው ደግሞ ይሄ ነው፦ ብዙ ማጫወቻዎች የሚጫወቱት ፋይሉ ወደ ፍላሹ በገባበት ተራ ነው እንጂ በፊደል ተራ አይደለም። ፍላሹን ፎርማት አድርገህ ዘፈኖቹን በተራ አስገባ። መሃል ላይ አንድ አጥፍተህ ሌላ ከጨመርክ እንደገና ይዛባል።

ፈጣኑ (ድሬዳዋ)

የከዚራው፣ ድግግሞሹንስ? ዱፕጉሩ ነፃ ነው፣ የሙዚቃ ምርጫ አለው። ተመሳሳዩን ያወጣልሃል፣ ትልቁን አስቀርተህ ሌላውን ዲሊት አድርግ። የዲስኩን ግማሽ ቦታ ታገኛለህ።

ካሴት ቤት (ሐረር)

ፈጣኑ፣ እባክህ ልጁን አታስቸኩለው። የእኛ ዘፋኞች አንድን ዘፈን ስንቴ ይዘፍኑታል? በሸክላ አንዴ፣ በካሴት ከሌላ ባንድ ጋር እንደገና፣ መድረክ ላይ ደግሞ ሌላ። ርዕሱም ዘፋኙም አንድ ስለሆነ ፕሮግራሙ «ተደጋጋሚ» ይለዋል። አባትየው የሚወዱት ደግሞ ያቺኑ የሸክላዋን ይሆናል። ርዝመታቸውን አስተያይ። ጥቂት ሴኮንድ ከሆነ አንድ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ደቂቃ ከተለያዩ ሁለቱንም ስማ። መግቢያው ላይ የቱ መሣሪያ እንደሚቀድም ብቻ ብትሰማ ይበቃሃል።

ሳቢያን ጥገና (ድሬዳዋ)

ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። «ትልቁን አስቀር» የሚለው ሁሌ አይሠራም። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የነበረውን ፋይል ሰው ወደ 320 ቀይሮት ሊሆን ይችላል። መጠኑ ያብጣል፣ ድምፁ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ስፔክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የድምፁን ሥዕል ያሳይሃል። ፋይሉ 320 እያለ ሥዕሉ 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካቆመ፣ ከ128 የተነፋ መሆኑን ጠርጥር። ከካሴት የተቀዳ ግን ከፍተኛው ድምፅ ድሮውንም ስለሚጎድለው በሥዕሉ ብቻ አትፍረድበት።

የቅኝት ተማሪ (ሐረር)

ስለ ዘውግ ማንም አላነሣም። ብዙ ፋይል ላይ ዘውግ የሚለው ቦታ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም ኢትዮጵያ ከሆነ ምን ሊለይልህ ነው? ቋንቋ ለብቻው ቦታ አለው፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪ፣ ሶማልኛ የሚለውን እዚያ አስገባ። አሊ ቢራ በስንት ቋንቋ ነው የዘፈነው! በቋንቋ ፎልደር ከለየኸው አንድን ሰው ትበታትነዋለህ። በታግ ካደረግከው ግን አንድ ቦታ ሆኖ በቋንቋ መምረጥ ትችላለህ። ዘውጉ ላይ መንዙማ፣ ዚክሪ (የሐረሪ መንፈሳዊ ዜማ)፣ የሠርግ፣ በመሣሪያ ብቻ እያልክ ጻፍ። መንዙማና ዚክሪን ከዘፈን ለይልኝ በጣም፣ በጅምላ ሲጫወት ከጭፈራ ዘፈን ኋላ መንዙማ መምጣቱ ደስ አይልም። ቅኝቱን የምታውቅ ከሆነ ደግሞ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያልክ ግሩፒንግ የሚለው ቦታ ላይ አስቀምጠው።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ጀመዓ፣ አላህ ይስጣችሁ። ግልበጣው አልቋል፣ ኤምፒስሪታግም ተጭኗል። ከአሊ ቢራ ጀምረናል። «ጀምረናል» ያልኩት አባቴ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። እኔ አጫውታለሁ፣ እሱ ይናገራል። የመጀመሪያዋን ስንኝ እንኳ ሳይጨርስ «ይሄ ከዚያኛው ባንድ ጋር ነው» ይለኛል። እሱ የሚለውን ሁሉ ኮሜንት ውስጥ እየጻፍኩ ነው።

ሌላ ጥያቄ መጣ። አልጋ ሥር ሁለት ካርቶን ካሴት አለ። እናቴ ልትጥለው ነበር። ዲስኩ ላይ ያሉት «ትራክ 01»ዎች ከእነዚህ የተቀዱ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላል አባቴ። ምን ላድርጋቸው?

ካሴት ቤት (ሐረር)

እናትህን እጃቸውን ስምና ካርቶኑን ተቀበል! መልሱ ያለው እዚያ ነው። ሽፋን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሣ፣ ውስጡን ግልብጥ አድርገህ ሁለቱንም ገጽ። የዘፈኖቹ ተራ፣ ባንዱ፣ ዜማና ግጥም የሠራው፣ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት፣ ብዙ ጊዜ ዓመቱም እዚያ አለ። ይህን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አታገኘውም። «ትራክ 01» ብሎ የሚጀምረውን ፎልደር ከሽፋኑ ተራ ጋር አስተያይ፣ ሦስት ዘፈን ከገጠመ ቀሪውም ይገጥማል። አንዳንዱ ሰው ሲቀዳ ከሁለተኛው ገጽ ስለሚጀምር ተራው የተገለበጠ ከመሰለህ ከዚያ በኩል ሞክር።

ሳቢያን ጥገና (ድሬዳዋ)

አንዳንዱን እንደገና መቅዳት የሚያስፈልግህ ከሆነ የቴፑን ራስ በአልኮልና በጥጥ ጥረገው፣ ቡናማው ቆሻሻ እስኪያልቅ። ገመዱን የላይን መግቢያው ላይ ሰካ፣ የማይክ መግቢያው ላይ ከሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ላይ ገጹን ሙሉ አንዴ ቅዳና በኋላ በየዘፈኑ ቁረጠው። በሲዲ ጥራት ያልተጨመቀ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋ አካባቢ ይወስዳል፣ ስለዚህ የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ 600 ሜጋ ነው። ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት ብታስቀምጠው ጥራቱ ሳይነካ ግማሽ አካባቢ ይሆናል። ኦዳሲቲ ሽሽታውን የሚያጠፋ መሣሪያ አለው፣ ግን ዋናው ቅጂ ላይ አትጠቀምበት። ሽሽታውን ሲያጠፋ የማሲንቆውን ድምፅም አብሮ ይበላዋል።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ጋሼ፣ የሽፋኑ ነገር ሠርቷል! አንድ ፎልደር ሙሉ በሙሉ ገጠመ።

አንድ ብቻ ቀረኝ። የሐረሪ ሠርግ ቅጂዎች አሉ፣ ሽፋን የላቸውም፣ ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ «ሐረር» ብቻ ነው የሚለው። አባቴም ዘፋኟን አያውቃትም። ባዶ ልተዋቸው?

መዝገብ ያዥ (ሐረር)

ባዶ አትተው። ዘፋኝ የሚለው ላይ «ያልታወቀች ድምፃዊት» ብለህ ጻፍ፣ አልበሙ ላይ «የሐረሪ ሠርግ፣ ካሴት ሀ»፣ ሁለተኛው «ካሴት ለ»። ኮሜንቱ ላይ ካሴቱ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል፣ ከማን እንደመጣም አባትህ ካስታወሱ ጨምር። እንዲህ ከሆነ ነገ ስሟ ሲገኝ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ታስተካክላለህ። እዚህ ስትመጣ ደግሞ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየምን ጠይቅ፣ ከድሮ የእጅ ጽሑፎቹ ጋር የሐረሪ ዘፈን ቅጂዎችም ሰብስበዋል።

ካሴት ቤት (ሐረር)

ከዚያ በፊት ከየካሴቱ አንድ አንድ ደቂቃ ቁረጥና በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ድምፅዋ በደንብ የሚሰማበትን ቦታ መርጠህ። እኔ ባላውቃት ባለቤቴ ታውቃታለች፣ የዚያን ዘመን የጀጎል ሠርግ ያልሄደችበት የለም። እስክንመልስልህ ድረስ ከአሊ ቢራ ቀጥል።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

እሺ ጋሼ፣ ዛሬ ማታ እልካለሁ። እትዬንም ሰላም በሉልኝ።